የባጃጇ ቁልፍ በእናቴ ሙዳይ ውስጥ ነው

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው፤ 29 ዓመቱ። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንቅልፍ ጠላ። ሌሊቱን ሙሉ ያወራል፣ ለሰው ይደውላል፣ ፎቅ ሊሠራ ያቅዳል። ሁለት ቀን ሙሉ ከአዲሱ የአባይ ድልድይ እስከ ጊዮርጊስ ሰውን በነፃ ሲያመላልስ ዋለ። ሰዉ ይመርቀዋል፤ እኛም ስለት ያለበት መስሎን ዝም አልን። በሦስተኛው ሌሊት ከአባይ ማዶ ሲመለስ ባጃጇን ቦይ ውስጥ ከተታት። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልጫነም ነበር፤ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ሐኪም ቤት ባይፖላር ነው አሉን። አንድ ወር ተኝቶ ወጣ። አሁን ሊቲየም ይወስዳል፤ ማታ ደግሞ ኦላንዛፒን የሚባል አለው። ከወጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ደህና ነው። ይስቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ የእናታችንን እህል ወፍጮ ቤት ያደርሳል።

ባጃጇ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቁልፏ እናቴ ሙዳይ ውስጥ ነው፤ የት እንዳለ ያውቃል፣ አይነካውም። ማታ ማታ ሸራዋን ገልጦ ይጠርጋታል፣ መልሶ ይሸፍናታል። አጎቴ ‹እብድ ሹፌር ሰው ይጨርሳል፣ ትሸጥና ሱቅ ይከፈትለት› ይላል። እናቴ ጸበል ይጠመቅና መድኃኒቱን ይተው፣ ከዚያ ይንዳ ትላለች። መንጃ ፈቃዱም መታደሻው ደርሷል፤ ሕመሙን እንናገር ወይስ እንደብቅ? ቁልፉን ልስጠው ወይስ ልከልክለው? በነካ እጅዎ የጎረቤታችን ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ 19 ዓመቱ ነው። መኪና ልማር እያለ እናቱን አስጨንቋታል። ለእሷም አንድ ነገር ይበሉልኝ።»

የሽምብጧ እህት

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ቁልፉ የት እንዳለ እያወቀ አለመንካቱ ላይ ነው። በአእምሮ ጤና ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ቁልፍ ሲሰረቅም፣ ተደብቆ ሲቀረጽም፣ ቁልፍ ያጣ ሰው ሽቦ አገናኝቶ ሲያስነሳም አይቻለሁ። ያንቺ ወንድም ስምንት ወር ሙሉ አቧራ ጠርጎ መልሶ ይሸፍናል። ይህን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መልሴን ላስቀድም። ቁልፉን ስጡት። ዛሬ ግን አይደለም። ሲሰጠውም ተሳፋሪና የሌሊት ሥራ አብረው አይሰጡትም። መቼ መልሶ እንደሚያስረክብ ደግሞ ራሱ ይወስናል፤ አሁን፣ ደህና በሆነበት ጊዜ።

አጎትሽ «እብድ ሹፌር» ሲል የዚያችን ሌሊት ሰው እያየ ነው። ባይፖላር የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ነው። ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ፣ ሐኪሞች ማኒያ ይሉታል፤ ዝቅ የሚልበት አለ፣ ድባቴ። በሁለቱ መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚዘልቅ ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሰውየው እንደ እኔና እንዳንቺ ሆኖ ይኖራል። በማኒያው ጊዜ ፍጥነት አይፈራም፣ ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፣ እንደ እሱ ያለ ሹፌር በባሕር ዳር ተፈልጎ የሚገኝ አይመስለውም። በድባቴው ጊዜ ሐሳቡ ስለሚጎተት ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው። በሁለቱም ጊዜ መሪ መያዝ የለበትም። እዚህ ድረስ ከአጎትሽ ጋር ነኝ። የምለየው ያችን ሌሊት ዕድሜ ልክ ሲያደርጋት ነው።

ለአጎትሽ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራቸው። ባለፈው ከጊዮርጊስ ወደ ቀበሌ 14 ባጃጅ ተሳፈርኩ። ልጁ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ ያወራል፤ ጉንጩ በጫት አብጧል፤ ከጎኑ አንድ ሰው ደርቦ ራሱ በግማሽ ቂጡ ነው የተቀመጠው። ብስክሌት ሊገጭ ሲል ክላክስ ነፍቶ ብስክሌተኛውን ተሳደበ። ይህ ልጅ የጤና ማስረጃ አለው። የሚያሳስባቸው የሰው ነፍስ ከሆነ ከእሱ ይጀምሩ፤ ያንቺ ወንድም ቢያንስ ሐኪም ያየዋል።

ለመሆኑ ስንት ጊዜ ይጠብቅ? እንግሊዞች ለሐኪሞቻቸው ያወጡት መመሪያ አለ፤ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መለኪያ ላንሳው። ማኒያ የያዘው ሰው የግል መኪና ለመንዳት ቢያንስ 3 ወር ደህና ሆኖ መቆየት አለበት። በ12 ወር ውስጥ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ያገረሸበት ከሆነ 6 ወር ይጠብቃል። መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰዱ፣ መድኃኒቱ የማያፈዝዘው መሆኑና መታመሙን ራሱ መረዳቱም አብሮ ይታያል። ለአውቶቡስና ለከባድ መኪና ግን 12 ወር ነው።

ባጃጅ ከየትኛው ይመደብ? መጠኗ ትንሽ ነች፤ ከኋላ ሦስት ሰው ስትጭን ግን ሥራዋ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። እኔ ብሆን ሁለቱንም መለኪያ እጠቀም ነበር። ስምንት ወር ስለሆነው፣ የሚከታተለው ሐኪም ከተስማማ፣ አሁን ያለ ተሳፋሪ ይጀምር። የእናትሽን እህል ወፍጮ ቤት እያደረሰ አይደል? በባጃጇ ያድርሰው። የጎረቤት ዕቃ ያመላልስ። ተሳፋሪ ዓመቱ ሲሞላ ይደርሳል፤ አራት ወር ነው የቀረው። «ስምንት ወር የጠበቅኩ አራት ወር አይከብደኝም» ካለሽ ግማሹ ሥራ አልቋል። ካኮረፈም አትደንግጪ፤ ሰው ሥራውን ሲከለከል ያኮርፋል፣ ይህ የሕመም ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ ቤተሰብ ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው።

ኦላንዛፒን ያስተኛል፤ ለማታ የታዘዘውም ለዚህ ነው። ግን እስከ ጠዋትም ይከተላል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ውጦ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተራ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ገና ግማሽ አካሉ ተኝቷል። ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ቢወስደው ይሻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሥራም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይጀምር። አንቺ ቁርስ ላይ እዪው። ዓይኑ ይከደናል? ሻዩን ሲያማስል ይቆማል? እንዲህ ከሆነ የዚያን ቀን ባጃጇ ትቁም። የመድኃኒቱ መጠን በተቀየረ ቁጥርም ሰውነቱ እስኪለምድ ድረስ አይንዳ።

ሊቲየም ሌላ ጠባይ አለው። ሲሠሩት ጨው ነው፤ ኩላሊታችንም ከምንበላው ጨው ጋር ያምታታዋል። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየሙን ይዞ ያስቀረዋል፤ በደም ውስጥ ከልክ በላይ ይጠራቀማል። አሁን የሚያዝያን የባሕር ዳር ፀሐይ አስቢ። ከሸራ በታች ላቡ እየወረደ ሲነዳ የሚውል ልጅ፣ ጾም ከሆነ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምስ። ስለ ጾሙ ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ለታመመ ሰው ያላቸውን መልስ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔ የምለው ውኃው እንዳይቋረጥ ብቻ ነው።

ሌላም አለ፤ ሹፌሮች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ባጃጅ ነጂ ወገቡን ያመዋል፤ ወገቡን ሲያመው ፋርማሲ ገብቶ ዲክሎፌናክ ይገዛል። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ሊቲየምን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ። ማስታገሻ ከመግዛቱ በፊት «ሊቲየም እወስዳለሁ» ብሎ ይናገር። እጁ በግልጽ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ ቁልፉን አስቀምጦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። የጠጣ ይመስላል፣ ግን አልጠጣም፤ መድኃኒቱ በዝቶበት ነው።

የደም ምርመራውም ወግ አለው። ደሙ የሚወሰደው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው። ማታ 2 ሰዓት የወሰደ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ደም ይሰጣል፤ የጠዋቱን ኪኒን ከምርመራው በኋላ ይውጥ። አለበለዚያ ቁጥሩ ያታልላል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው መጠን በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ ከ1.5 ካለፈ አስጊ ነው።

እናትሽ ስለ ጸበሉ ያሉትን አልቃወምም፤ ይጠመቅ። መድኃኒቱን ይተው የሚለውን ግን እቃወማለሁ። ሊቲየምን በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰው ማኒያው በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል፤ ሐኪም እያየው ቀስ ብሎ ካቆመ ሰው ይልቅ ይብስበታል። «መድኃኒታችሁን እየዋጣችሁ ተጠመቁ» የሚሉ አባቶች አውቃለሁ፤ እናትሽን ወደ እንደዚህ ያሉት ውሰጂያቸው። ጸበሉን ጠጥቶ ብዙ ካስመለሰው ደግሞ ስለ ውኃና ጨው የነገርኩሽን አስታውሺ፤ ያን ቀን አይንዳ። መድኃኒቱን ትቶ ከጸበል የተመለሰ ልጅ ቁልፍ ተሰጥቶት ቢነዳ፣ ከአጎትሽ ይልቅ እኔ ነኝ መንገድ የምለቅለት።

አሁን ዋናው ነገር። ማኒያ አስቸጋሪ የሆነው፣ ቁልፍ መስጠት ያለበት ሰው ቁልፉን ለመስጠት ጨርሶ የማይፈልግበት ሰዓት መሆኑ ነው። በሕይወቱ እንዲያ ደህና ሆኖ አያውቅም፤ ምን ሆንኩና ነው ቁልፍ የምሰጠው? በዚያ ሰዓት ብትለምኚውም፣ ብትቆጪውም፣ ብታለቅሺም አይሰማሽም። ስለዚህ ንግግሩ ያለቀው ዛሬ መሆን አለበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍሉና ወረቀት ያዙ። የሚጽፈው እሱ ይሁን፣ በገዛ እጁ። ሐኪሙ እንዲህ ብሏል፣ እህቴ እንዲህ ብላለች የሚል አይጻፍበት። «ልታመም ስል እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ይጀምር።

ያውቀዋል፤ ጠይቂው። በነፃ መጫን አንዱ ነው። አንቺው ነሽ የጻፍሽው፤ ሰዉ ሁሉ መረቀው፣ ማንም አልጠረጠረም። ይህ የሕመሙ ክፉ ተንኮል ነው፤ መጀመሪያ ሲመጣ የደግነት ልብስ ለብሶ ይመጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ የቀን ገቢው ጎድሎ እሱ ግን ደስ ብሎት ከገባ ይጠየቅ። የሌሊት ስልክ ይጻፍ። የፎቁ ዕቅድም ይጻፍ (እሱ ራሱ ሲጽፈው የሚስቅ ይመስለኛል፤ ይሳቅ)። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ። እንቅልፍ ማጣት የማኒያው ምልክትም ነው፣ ማኒያውን የሚጠራም ነው። እኔ ለቤተሰብ የምሰጠው መስመር ቀላል ነው፤ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከአራት ሰዓት በታች ከተኛና ካልደከመው፣ በሦስተኛው ጠዋት ቁልፉን ያስረክባል፣ ቀጠሮው ባይደርስም ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል። ይህ መስመር ስላለ የሌሊት ሥራ ለእሱ ቀርቷል፤ ዓመቱ ከሞላም በኋላ። ጫትም እንደዚያው፤ ሌሊት ነቅቶ ለመሥራት የሚቃም ጫት ለሌላው ሹፌር ምርቃና ከሆነ ለእሱ የቦይ መንገድ ነው።

ለማን ያስረክብ? ለእናትሽ አይሁን። እሳቸው ከፍርሃታቸው የተነሳ ጮክ ብሎ በሳቀ ቁጥር ሙዳዩን ሊዘጉ ነው። ለአጎትሽም አይሁን፣ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ተራው ላይ አብሮት የሚሠራ፣ የሚያከብረው፣ ሲቀልድና ሲታመም ለይቶ የሚያውቀው ጓደኛ ይኖረዋል። እሱን ራሱ ይምረጥ፤ ጓደኛውም ወረቀቱ ላይ ይፈርም። ቁልፉ ከተወሰደ መቼ እንደሚመለስም አብሮ ይጻፍ፤ ሐኪሙ ካየው በኋላ ይሁን፣ ስንት ሌሊት በደንብ ከተኛ በኋላ ይሁን ተስማሙበት። መመለሻ የሌለው ውል ማንም አያከብርም።

አንድ አደራ አለኝ። ወንድምሽ አንዳንድ ቀን ይቆጣል። ወጥ ቀዘቀዘ ብሎ ይነጫነጫል፣ ትራፊክ ቀጣው ብሎ ይሳደባል። በዚያ ሁሉ ቀን «መድኃኒትህን ወሰድክ?» አትበሉት። ባይፖላር ያለበት ሰው ከሕመሙ በላይ የሚያሰለቸው ይህ ጥያቄ ነው፤ ንዴቱን እንኳ የራሱ አያደርጉለትም። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ቁልፍ አያስወስድም።

ድባቴው ከመጣ ቤተሰብ የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። «ሥራ ሲይዝ ይረሳዋል» ብሎ ቁልፉን እጁ ላይ ያደርግለታል። አይረሳውም። ያን ጊዜም ባጃጇ ትቁም። ሸክም ሆንኩባችሁ፣ ብሞት ይሻላል የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ሂዱ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

መንጃ ፈቃዱን በተመለከተ አትደብቁ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው፤ የጤና ምርመራ ማስረጃም ይጠየቃል። ብዙ ሰው ምርመራውን የዓይን ፊደል ማንበብ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው «ማን ያውቅብናል?» ይላል። ማንም ላያውቅ ይችላል። ግን ሕመሙን የደበቀ ሹፌር ቀስ በቀስ ካርዱንም ይደብቃል፣ ቀጠሮውንም ይደብቃል፣ ሰው እንዳያየው ብሎ ኪኒኑን ሥራ ላይ ይዞ አይወጣም። ቦይ የሚከተው ይህ ነው። የሚከታተለው ሐኪም «ይህን ያህል ጊዜ ደህና ሆኖ ቆይቷል፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል» የሚል ደብዳቤ ይጻፍለትና ይዞ ይሂድ። አይቶት የማያውቅ መርማሪ «ባይፖላር» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ሊፈራ ይችላል፤ ስምንት ወር ያየው ሰው የጻፈው ሲቀርብለት ግን የሚመዝነው ነገር ያገኛል። ቆይ ሊባል ይችላል፣ አልዋሽሽም። ከተባለም ተሳፋሪ ለመጫን እንደሆነ ገና አራት ወር ይቀረዋል።

ስለ ጎረቤታችሁ ልጅ ባጭሩ። ኦቲዝም እንደ ባይፖላር አይመጣም አይሄድም፤ ልጁ የተፈጠረበት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የጊዜ ሳይሆን የመማር ነው። እንግሊዝ አገር ኦቲዝም ያለበት ሰው ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ኦቲዝሙ መንዳቱን የሚያውክ ከሆነ ነው፤ ስሙ ብቻውን አይከለክልም። እንዲህ ካሉ ልጆች አንዳንዶቹ ከሁላችንም በላይ የመንገድ ሕግ ያከብራሉ። የሚቸገሩት ሌላው ሕጉን ሲጥስ ነው፤ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ሲታጠፍ፣ አህያ አደባባይ መሐል ሲቆም፣ ክላክሱ ሁሉ በአንድ ላይ ሲነፋ። ብስክሌት ይነዳል ወይ? እኛ የብስክሌት ከተማ ልጆች ነን። ከሽምብጥ ጊዮርጊስ ደርሶ በብስክሌት በሰላም የሚመለስ ልጅ ለእናቱ ብዙ ነገር አሳይቷል። ካልሞከረ በዚያ ይጀምር። ከዚያ ታጋሽ አስተማሪ ፈልገው እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ አንድ ነገር በአንድ ቀን ይማር። ሌሎች ሠላሳ ቀን ቢፈጅባቸው እሱ ዘጠና ይፍጅበት። የሚጥል በሽታ አብሮት ካለ ግን ነገሩ ይለያል፤ በኦቲዝም ላይ የሚደረብበት ጊዜ ስላለ እናቱን ጠይቂልኝ። መጣል ካለ መሪ ከመያዙ በፊት ሐኪሙ መስማት አለበት።

አሁን ወደ ግቢያችሁ ልመለስ። ባጃጇ ስምንት ወር ቆማለች፤ ከዚያ በፊት ቦይ ገብታለች። ወንድምሽ አቧራውን ጠርጓል እንጂ ውስጧን ያየላት የለም። ከቅዳሜው ቡና በፊት ጋራዥ አስወስዱልኝ፤ መሪዋ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎትት፣ ፍሬኗ በደንብ እንዲይዝ፣ ጎማዋ ከመቆም ብዛት እንዳይሰነጠቅ ይታይ። ባትሪዋ ወርዶ ይሆናል። ቦሎዋና የሦስተኛ ወገን መድኗም አልፎባት እንደሆነ ተመልከቺ። እሱም አብሮ ይሂድ፤ መካኒኩ ሲፈታታት አጠገቡ ቆሞ ማየቱን ስምንት ወር ሲመኘው የነበረ ይመስለኛል።